የጃንሆይን ንግግሮች ሳነብ በላይ ዘለቀ ላይ ደረስኩ

ሰላም የንባብ ጓደኞቼ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ንግግሮች በዘመን ቅደም ተከተላቸው እያነበብኩ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን የ1933ን ድል አልፌያለሁ። ደስ ብሎኛል። ግን እዚያው አካባቢ አንድ ነገር ሰቅዞ ይዞኛል። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ እነዚህን ንግግሮች ማንበብ ከባድ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል በአጭሩ ልለፈው። ከወጣትነታቸው ልቤ ውስጥ የቀረው የሐረማያ ሐይቅ ነገር ነው። በ1907 ዓ.ም. የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች። መምህራቸው አባ ሳሙኤል ሞቱ፤ ደጃዝማች ተፈሪ ተረፉ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ሲናገሩ ለወግ ያህል የሚሉት አይመስለኝም። ስለ ትምህርት ሲናገሩም አምናቸዋለሁ። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የኖሩበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

አነባበቤን የቀየረው ጣሊያን አገራችንን ስትወር በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉት የጄኔቫው ንግግር ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአማርኛ ነበር የተናገሩት። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። የጣሊያን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ እንዴት እንደወረደ ሲያስረዱ 9፣ 15፣ 18 አውሮፕላን ሆነው እየተከታተሉ ይረጩ ነበር ይላሉ። ይህን ያደረጉት ጉሙ ሳይቋረጥ እንደ አንድ ጨርቅ እንዲዘረጋ ነው። ከዚያ ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ግጦሹን ይቆጥራሉ። እባካችሁ ይህን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔ ጮክ ብዬ ሳነበው ትንፋሽ አጠረኝ።

በቴሌግራም የሚዞሩትን ባለፎቶ ጥቅሶች ግን በፍጹም አልመክርም። ቀን የላቸውም። ለማን እንደተነገሩ አይታወቅም። ቀን የሌለው የመሪ ቃል ለማንም ጉዳይ ይውላል።

ስለዚህ ደብተሬን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በመጀመሪያው ዓምድ ቀኑና ቦታው አለ። በሁለተኛው የተባለው። በሦስተኛው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከዚያ በኋላ ጎጃም ላይ የሆነው። ከሁሉም የምወደው ይህን ቀዩን ዓምድ ነው። ያስጨነቀኝም እሱው ነው።

1933 ላይ ዓምዱ በደስታ ተሞላ። ጥር 12 ጃንሆይ በኦሜድላ ገቡ። በበላያ ተራራ አድርገው ወደ ቡሬና ደምበጫ ዘለቁ። መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ነፃነቱን ያየው የእኛ አገር ነው። የጎጃም አርበኛ አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ሲዋጋ ቆይቶ ነው የተቀበላቸው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡን በቀል እንዳይፈጽም፣ ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑት። ይህን ከመሪ አፍ የወጣ ትልቅ ቃል እለዋለሁ። ያ ሁሉ ግፍ ከተፈጸመ በኋላ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም።

ከዚያ 1937 ዓ.ም. መጣ። በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

በቀዩ ዓምድ ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። በላይ ለጣሊያን አልገብርም ብሎ የተዋጋ ሰው ነው። ከነፃነት በኋላ አመፀ ተባለ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ተቀየረለት፤ ከእስር ሊያመልጥ ሲል ተይዞ ተሰቀለ። ከጣሊያን ጎን የነበሩት ራስ ኃይሉ ግን አልተሰቀሉም። ለጠላት የተለመነው ምሕረት ለአርበኛው ለምን አጠረ?

ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት ንግግሮቹን እንደማነብ ሰምተው፣ «ልጄ፣ በላይን ሳታነሳ ጃንሆይን አታንሳብኝ» አሉኝ። ከንባብ ጓደኞቼ አንዱ ደግሞ መጽሐፉን ዝጋው፣ ሁሉም ማስመሰል ነው አለኝ። ሌላው የመንግሥት ሥርዓት ማስከበር የግድ ነው፣ ሁለቱን አታደባልቅ አለኝ። ከሁለቱም ጋር አልስማማም። መጽሐፉን ከዘጋሁት በላይን የምሟገትበት ቃል አጣለሁ። ምክንያቱም ፍርዱ ያጠረበትን ልክ የማውቀው ከራሳቸው ከጃንሆይ ንግግር ነው። ሁለቱን ከለየሁ ደግሞ ሦስተኛውን ዓምድ ለምን ሠራሁት?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ እስካሁን አልረጋም። ማታ ጄኔቫን ሳነብ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ጠዋት የበላይን ሳስታውስ ያንገበግበኛል። ሁለቱንም ይዤ ማንበብን መርጫለሁ። ቸኩሎ ከአንዱ ወገን መሰለፍን አልወደውም።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። ሃይማኖት ነክ ንግግሮቹን አትዝለሏቸው፤ ስለ ሥልጣን ያላቸውን ሐሳብ የምታገኙት እዚያ ነው። ራሳቸውን በሕዝብ ፊት ሳይሆን በፈጣሪ ፊት ተጠያቂ አድርገው ነው የሚያዩት። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑ ሁሉ ንጉሡ ጋ መቅረቱ ለእኔ የተገለጠልኝ በዚህ በኩል ነው። ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ። መጽሐፍ ይቆያል፤ ሽማግሌ አይቆይም።

አሁን መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ያደረጉትን ንግግር ጀምሬያለሁ። ከ27 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ መቆማቸውን ያስታውሳሉ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ እስካለ ድረስ ሰላም እንደማይኖር ይናገራሉ። ለዚህኛው በቀዩ ዓምድ የማሰፍረው የ1960ውን የግብር አመፅ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ። ሞጣና ቢቸና አካባቢ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አባት ወይም እናት ያሏችሁ፣ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱልኝ። ስለ ግብሩ ጠይቋቸው። ጃንሆይን በዓይናቸው አይተው እንደሆነም ጠይቁልኝ።