«ዌን» የየትኛው ግስ ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አብሮኝ የሚሠራ ሰው በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ላከልኝ፦ «ዌን ዲድ ዩ ዲሳይድ ቱ ሚት ዘም?» («ዌን» «መቼ» ማለት ነው፤ «ሚት» ደግሞ መገናኘት።) እኔም «ኦን መንደይ» ብዬ መለስኩለት። ከእንግዶቹ ጋር ሐሙስ ለመገናኘት የተስማማነው ሰኞ ዕለት ስለነበር መልሴ ውሸት አልነበረበትም። እሱ ግን የፈለገው ውሳኔው የተላለፈበትን ሳይሆን የምንገናኝበትን ቀን ነበር፤ «ኦን መንደይ» ደግሞ ያለፈውን ሰኞ ይሁን የሚመጣውን አይለይም። ሐሙስ እንግዶቹ ሲደርሱ ባልደረባዬ ገና ለሰኞ ያሰበውን ሰነድ እያረመ ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱን በእኔ እንግሊዝኛ ላይ ጣልኩት። በኋላ ጥያቄውን ደጋግሜ ሳየው ግን ሁለታችንም በትክክል አንብበነው እንደነበር ገባኝ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት ግሶች አሉ፤ አንደኛው መወሰንን የሚናገረው «ዲሳይድ»፣ ሁለተኛው ከ«ቱ» በኋላ የመጣው «ሚት» ነው። እንግሊዝኛ የጥያቄ ቃሉን ከነበረበት አንሥቶ ፊት ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ «ዌን» ከየትኛው ግስ ዘንድ እንደ መጣ የሚነግረን ምልክት በጽሑፉ ላይ አይቀርም። አማርኛ ግን የጥያቄ ቃሉን ከሚመለከተው ግስ ብዙ አያርቀውም። «መቼ ለመገናኘት ወሰናችሁ?» ሲባል የምናስበው መገናኛውን ቀን ነው፤ «ለመገናኘት መቼ ወሰናችሁ?» ወይም ይበልጥ ግልጽ በሆነ አነጋገር «ለመገናኘት የወሰናችሁት መቼ ነው?» ሲባል ደግሞ ውሳኔውን ነው። ባልደረባዬ በአማርኛ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ባላመለጠው ነበር።

ይህ መንታነት በሁሉም ግስ ላይ አይታይም። «ዌር ዱ ዩ ዋንት ቱ ኢት?» የሚለውን ማንም ሰው «የምትፈልገው የት ሆነህ ነው?» ብሎ አይተረጉመውም፤ መፈለግ ቦታ ይዞ የሚፈጸም ድርጊት ስላልሆነ «ዌር» የሚያርፈው በመብላቱ ላይ ብቻ ነው። መወሰን፣ ቃል መግባት፣ መስማማትና ማዘዝ ግን የየራሳቸው ሰዓትና ቦታ ያላቸው ክንውኖች ናቸው፤ ጥርጣሬው የሚነሣውም በእነርሱ ዘንድ ነው። «ዌን ዲድ ሺ ፕሮሚስ ቱ ፔይ?» ቃል የገባችበትን ቀን ሊጠይቅ ይችላል፣ የምትከፍልበትንም ቀን። ለዚህ ጥያቄ «ቱሞሮው» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ቃል መግባቱ ያለፈ ስለሆነ፣ ነገሩ ክፍያውን እንደሚመለከት ያለ ማብራሪያ ይታወቃል። ስለዚህ አንዳንዴ የጥያቄውን ትርጉም የሚቆርጠው መልሱ ነው፤ የእኔ «መንደይ» ይህን ሊያደርግ የማይችል መልስ መሆኑ ነው ጉዱ።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። በሁለቱ ግሶች መካከል ሌላ የጥያቄ ቃል ሲገባ መንታነቱ ወዲያው ይጠፋል። «ዌን ዲድ ሂ አስክ ሃው ቱ ፔይ?» የሚለው የአከፋፈሉን ሁኔታ የጠየቀው መቼ እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀን። «ሃው» (እንዴት) መካከል ላይ ስለቆመ ፊተኛው «ዌን» ወደ ኋላኛው ግስ የሚሻገርበት መንገድ ይዘጋል።

ይህ መካከለኛ «ሃው» ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሌላም ጣጣ አለው። እኛ «መኪና መንዳት አውቃለሁ» ስለምንል «አይ ኖው ቱ ድራይቭ» ማለት ይቀናናል፤ እንግሊዝኛ ግን ችሎታን ሲገልጽ «ኖው» ከሚለው ግስ በኋላ «ሃው»ን የግድ ይፈልጋል። «ሃው» ሲቀር «ኖው ቱ» የሚለው አንድን ነገር ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ወደሚል ሌላ ትርጉም ይሄዳል። «ለርን» (መማር) ላይ ግን «ሃው» ቢኖርም ባይኖርም ያስኬዳል። ለዚህ ልዩነት ሕግ ከመፈለግ ይልቅ ግሱን ከነተከታዩ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

በሌላ በኩል አማርኛ ለ«ሃው ቱ» ብዙ ጊዜ የጥያቄ ቃል እንኳ አያስፈልገውም፤ አጻጻፍ፣ አከፋፈት፣ አነዳድ የሚሉት ስሞች «እንዴት»ን በሆዳቸው ይዘዋል። «አከፋፈቱን አሳየኝ» ብለን ስንጨርስ እንግሊዝኛ «ሾው ሚ ሃው ቱ ኦፕን ኢት» ብሎ ቃል በቃል ላይ ይደረድራል። «ዌን ቱ ስቶፕ» ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እኛ «መቼ ማቆም እንዳለብኝ» ብለን ባለቤቱንም ግዴታውንም መናገር ሲኖርብን እንግሊዝኛው ሁለቱንም በ«ቱ» ውስጥ ሸሽጎ ያልፋል። «ዋይ» (ለምን) ደግሞ ከዚህ ማኅበር ውጭ ነው፤ በተለመደው እንግሊዝኛ «አይ ዶንት ኖው ዋይ ቱ ጎ» አይባልም፣ «ዋይ አይ ሹድ ጎ» ነው የሚባለው። ሆኖም ያለ «ቱ»፣ «ዋይ ዌይት?» ሲባል ያምራል፤ ትርጉሙም «መጠበቁ ምን ይረባል?» እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ሁለቱንም ቀኖች እጽፋለሁ፦ ሰኞ ወሰንን፣ ሐሙስ እንገናኛለን። ባልደረባዬም አሁን የሚጽፍልኝ «ዋት ዴይ ኢዝ ዘ ሚቲንግ?» ብሎ ነው።