ጭር ያለ አስፋልት ፍለጋ፦ ሎዜር በብስክሌት

የገጠር መንገድ ጭር የሚለው ጠባብ ወይም ውብ ስለሆነ አይደለም፤ መኪናውን የሚሸከምለት ሌላ መንገድ አጠገቡ ስላለ ነው። ስለዚህ ካርታ ስዘረጋ መጀመሪያ የምፈልገው የምሄድበትን ሳይሆን የምሸሸውን መንገድ ነው። ከዚህ ከተማ ወደዚያ የሚቸኩል የጭነት መኪና በየት ያልፋል? እሱ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ስሌት እንደ ሎዜር የሚሰምርበት አካባቢ አላውቅም። ሎዜር በደቡቡ ተራራማ ክፍል ያለ ዲፓርትማ፣ ማለትም የአስተዳደር ክፍል፣ ነው፤ ነዋሪው ከአገሪቱ ዲፓርትማዎች ሁሉ ያነሰ ሲሆን ሰማንያ ሺህ እንኳ አይሞላም። ከሜንድ ተነስቶ በፍሎራክ በኩል ወደ አሌስ የሚወርደው ኤን106 ከባዱን መኪና ጠቅልሎ ይወስዳል። ከእሱ ግራና ቀኝ ያሉት መንገዶች ለበግና ለብስክሌት የተተዉ ናቸው ማለት ይቻላል።

የመንገዱ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ኤን ብሔራዊ መንገድ ነው፣ ዲ የዲፓርትማው። ዳር የተተከሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮችም አናታቸው ቀይ ከሆነ ብሔራዊ፣ ቢጫ ከሆነ የዲፓርትማ ናቸው። ሎዜር ውስጥ በዘጠኝ መቶ የሚጀምር የዲ ቁጥር (ዲ901፣ ዲ907፣ ዲ986፣ ዲ996) በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዲፓርትማው የተላለፈ የቀድሞ ብሔራዊ መንገድ ነው ብሎ መገመት አያሳስትም። ስፋት አለው፣ ዳገቱ ለዘብ ይላል፣ መኪናውም በዚያው ልክ ይበዛል። እኔ የማሳድደው ዲ9፣ ዲ16፣ ዲ20 የመሳሰሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ነው። ችግሩ ቁጥሩ የዲፓርትማ ድንበር ሲሻገር መለወጡ ነው። ኮርኒሽ ዴ ሴቬን የሚባለው መንገድ ሎዜር ውስጥ ዲ9 ሆኖ ይቆይና ጎረቤት ዲፓርትማ ሲገባ ዲ260 ይሆናል። ቁጥር ብቻ ጽፎ የወጣ ሰው እዚያ ጋ ይደናገራል፤ የሚቀጥለውን መንደር ስም አብሮ መያዝ ነው።

በሚሽላን የወረቀት ካርታ ላይ መንገዱን የሚያቋርጡት ትንንሽ ቀስቶች ለስልክ ካርታ የማልለውጣቸው ናቸው። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13፣ ሦስት ከ13 በመቶ በላይ ዳገት ማለት ነው፤ ጫፋቸው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያሳያል።

ጉዞውን ከቪልፎር መጀመር ይሻላል፤ በኒምና በክሌርሞን ፌራን መካከል የሚመላለሰው ባቡር እዚያ ይቆማል። ከጣቢያው በዲ901 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ለ ብሌማር ይደረሳል። ከዚያ ዲ20 ወደ ደቡብ ታጥፎ የሎዜርን ተራራ በኮል ደ ፊኒዬል (ኮል የተራራ መተላለፊያ ነው) ይሻገራል፣ 1,541 ሜትር። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ቁጥሩ ያስቃል፤ ከመስቀል አደባባይ እጅግ በታች ነው። እግር የሚሰማው ግን ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ሳይሆን ከታች እስከ ላይ የወጣውን ነው፣ ያም ከቪልፎር ሲደመር ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ያለው ማርሽ ጭነት ለሌለው ይበቃል። ሻንጣ የጫነ ከፊት 30 ቢያደርግ ጉልበቱን ያተርፋል።

ከላይ ወደ ለ ፖን ደ ሞንቬር ያለው ቁልቁለት ወደ 670 ሜትር ይወርዳል። ፍሬኑ የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ አደገኛ ነው፤ ጠርዙ ይግልና ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ነፋሱ እንዲያበርደው መተው። ከዚያ በታርን ወንዝ ዳር በዲ998 ወደ ፍሎራክ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲ998 ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ጸጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ቸኳዩን ኤን106 ወስዶታል። ሁለቱ የሚገናኙት ፍሎራክ ሊገቡ ሲሉ ነው። ያቺን ቁራጭ ቀኝ ይዞ ቶሎ ማለፍ ብቻ።

ፍሎራክ 545 ሜትር ላይ ናት። ከበላይዋ ገደሉ ቀጥ ብሎ ይቆምና አናቱ ሜዳ ይሆናል፤ ኮስ ሜዣን የሚባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ነው። ዲ16 በጥምዝ ላይ ጥምዝ እየጨመረ 500 ሜትር ያህል ያወጣል። ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፤ በእነሱ በጋ (ሐምሌና ነሐሴ) ከጧቱ ሦስት ሰዓት በፊት መጀመር ይሻላል።

አምባው ላይ ያለው ዋና ችግር ውኃ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ ቀርቶ አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ስለሆነ የወረደው ሁሉ ወደ ውስጥ ሰምጦ ከታች በገደሎቹ ሥር ነው የሚወጣው። ላዩ ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም። ክብ ሆነው በድንጋይ የተነጠፉ ኩሬዎች ይታያሉ፤ ላቮኝ ይባላሉ፣ የበግ ናቸው፣ አይጠጡም። በሙቀት ቀን በሰዓት እስከ 1 ሊትር ስለሚያስፈልግ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠርሙስ ሞልቶ መውጣት ትንሹ ነው፤ በነሐሴ አንድ ተጨማሪ ሊትር በሻንጣ። መንደር ሲገኝ የመቃብር ቦታውን መፈለግ ይጠቅማል፦ አብዛኛውን ጊዜ ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው። "ኦ ኖን ፖታብል" (የማይጠጣ ውኃ) የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይቀዳም።

ነፋሱ ሌላ ነገር ነው። ዛፍ ስለሌለ የሚሰብረው የለም፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የመጡት የፕርዤቫልስኪ የዱር ፈረሶች ያሉበት ለ ቪላሬ አካባቢ ደግሞ ሜዳው ጭራሽ ክፍት ነው። በሜዳው ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ድክመት አይደለም። በዲ986 ወደ ሜይሩዌስ ተወርዶ በዲ996 በኮል ደ ፔርዡሬ በኩል ወደ ፍሎራክ ሲመለሱ የሚያገኙት ቁልቁለት በቱር ደ ፍራንስ ታሪክ ይታወቃል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሮዤ ሪቪዬር ጣሊያናዊውን ጋስቶኔ ኔንቺኒን ተከትሎ ሲወርድ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ፣ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ፣ ውድድርም በዚያው አበቃለት። መታሰቢያ ድንጋዩ መንገድ ዳር አለ። ጥምዞቹ ከሚመስሉት በላይ ይጠባሉ።

የታርን ገደል መንገድ፣ ዲ907ቢስ፣ በፎቶ ከሁሉም ይበልጣል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አልመክረውም። ሰው የሚመጣው ለማለፍ ሳይሆን ለራሱ ለመንገዱ ስለሆነ ሸክሙን የሚያቀልለት ሌላ መንገድ የለም፤ የካምፕ መኪናና ታንኳ የሚጎትት ሚኒባስ ይሞላዋል። በግንቦት ወይም በመስከረም፣ በማለዳ፣ ለዋሻዎቹ የፊትና የኋላ መብራት በርቶ ከሆነ እሺ።

ስለ አስፋልቱ። ብዙው የዲ መንገድ ሬንጅ ተረጭቶ ደቃቅ ጠጠር የተደፋበት ነው፤ ሸካራ ስለሆነ ጎማ ያዝ ያደርጋል፣ እጅ ያደነዝዛል። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ያስኬዳል፣ 32 ይሻላል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ32 ጎማ ከኋላ 4.5፣ ከፊት 4 ባር አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መንፋት ፍጥነት ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው የሚጨምረው። በበጋ ጥገናው ሲካሄድ "ግራቪዮን" የሚል ምልክት ይቆማል፦ ያልተጣበቀ ጠጠር አለ ማለት ነው። ፍሬን የሚያዘው ከጥምዙ በፊት ነው እንጂ ውስጡ አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ሬንጁ ይላቆጥና ጠጠሩን በጎማ ላይ ይለጥፋል። ቆም ብሎ በጓንት መጥረግ ከመነዳሪ ያተርፋል። የብስክሌት ሱቅ እዚህ ብርቅ ነው፤ ሁለት ከመነዳሪ፣ ልጥፍ፣ የካቴና መገጣጠሚያና ፖምፓ ሳይዙ መውጣት የለም።

ሕጉን በአጭሩ፦ ከከተማ ውጭ የሚቀድም መኪና 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። ሌሊትና ጭጋግ ሲሆን ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ምልክት በሌለበት መገናኛ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው፤ በመንደር ውስጥ ትራክተር ከግቢ መሳይ ጠባብ መንገድ ዘው ሲል ጥፋተኛው ያልቆመው ብስክሌተኛ ነው።

ምግብ ከዳገት በላይ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ሱቆች ለምሳ ለሁለት፣ ለሦስት ሰዓት ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓት የለም፣ ሰኞ ብዙ ዳቦ ቤት ያርፋል። ቅዳሜ ማታ የሰኞን ቁርስ ጭምር መግዛት ነው። ለሚጾም ሰው፦ ክሯሳንና ብሪዮሽ ቅቤ አለባቸው። "ባጌት ትራዲስዮን" የተባለው ግን በ1993 እ.ኤ.አ. ደንብ መሠረት በዱቄት፣ በውኃ፣ በጨውና በእርሾ የሚጋገር ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ያለ ሐሳብ ይበላል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር በሴቬን ተራሮች በኩል የሚመጣው ዝናብ በአንድ ቀን በመቶዎች ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ሞቃት እርጥብ አየር ከሜዲትራንያን ተነስቶ ተራራውን ሲገፋ እዚያው ይራገፋል። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሜቴዎ ፍራንስ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ ካወጀ አለመነሳት ነው፤ ቀይማ ጭራሽ አይወራም። በዚያ ወቅት እሑድ እሑድ አደንም ስላለ ደማቅ ልብስ ያስፈልጋል።

የበግ ጠባቂ ነጫጭ ውሾች፣ ፓቱ የሚባሉት፣ መንጋ አጠገብ ካሉ ፔዳል እየመቱ ለማምለጥ መሞከር ያባብሳል። ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ መሄድ፤ ዓይን ዓይናቸውን አለማየት።

መውጫው ኮርኒሽ ዴ ሴቬን ነው። ከፍሎራክ በዲ907 ወጥቶ በዲ983 ወደ ሴን ሎራን ደ ትሬቭ ይወጣል፣ ከዚያ በዲ9 በተራራው ጀርባ ወደ ለ ፖምፒዱና ወደ ሴን ዣን ዱ ጋር። ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወታደሮች የተጠረገ መንገድ ነው፣ ሸለቆውን ሳይሆን ሸንተረሩን የያዘውም ለዚያ ነው፤ ዛሬ ጭነቱ በኤን106 ስለሚወርድ ላዩ ባዶ ቀርቷል። ከሴን ዣን እስከ አሌስ ጣቢያ ያለው በአንዱዝ በኩል የሚሄደው መንገድ መኪና ይበዛበታል፣ በተለይ ዓርብ ማታ። በክልል ባቡሩ የብስክሌት ቦታው ጥቂት ነው፤ ከሞላ ተቆጣጣሪው ሊመልስ ስለሚችል የቀኑን የመጨረሻ ባቡር ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ማሰብ ነው።