ቁልፍ ይዘው የሄዱ እንግዶች

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሠልጣኝ ሻንጣውን ሳያሳርፍ የሚጠይቀው የዋይፋይ ፓስዎርድ ነው። ኔትወርኩን የምከታተልለት አንድ ሆቴል በዚያ ሳምንት 120 ሠልጣኝ ተቀብሎ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ደወሉልኝ።

«ኢንተርኔቱ ሞቷል። ፍጥነቱን አስጨምሬያለሁ፣ ብሩንም ከፍያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ደርሼ መስመሩን ለካሁት። ሰላም ነው። ቀድመው የገቡት ቪዲዮ ያያሉ። አዲስ የሚገባው ስልክ ግን «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ካዩ በኋላ ስለ ፍጥነት ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ኢንተርኔት ለመግባት ለየስልኩ አንድ አንድ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ራውተሩ የሚያድለው አድራሻ አልቋል። የሆቴሉ ኔትወርክ መጠን /24 የሚባለው ነው፤ እዚያ ላይ ያለው 254 አድራሻ ብቻ ነው። ሊዙ፣ ማለትም አንድ አድራሻ ለወሰደው ስልክ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ፣ ደግሞ 3 ቀን ነበር።

ያም ሆኖ ሒሳቡ አልገጠመልኝም። ላፕቶፕ የያዙት ጥቂት ናቸው። ሌላውን አልጋ የያዘ እንግዳ፣ ካሜራውንና ፕሪንተሩን ብደምርም 200 አይሞላም። የቀረውን ማን ወሰደው?

እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራው ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። ሥራ አስኪያጁ የጎረቤት ካፌ ደንበኞች እንዳይገቡ ብለው የእያንዳንዱ እንግዳ ስልክ ማክ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ ለዋይፋዩ የሚያሳየው በቁጥርና በፊደል የተጻፈ መለያ፣ እንዲመዘገብ አዘዋል። እኔ አይሆንም ብዬ ነበር። ሌላ ባለሙያ ይሆናል ብሎ ሠራላቸው። መጻፉ እሷ ላይ ወደቀ።

«ኢንጂነር፣ ይሄን እየው» አለችኝ። «የ204ቱ እንግዳ ነው። ክፍሉ ሲሆን ይሄ ቁጥር፣ አዳራሽ ሲገባ ሌላ፣ ሬስቶራንት ሲቀመጥ ሌላ። ስልኩ ግን አንድ ነው። በእጄ ይዤ ነው የገለበጥኩት።»

ገጹን ገለጠችና ጨመረች፤ «የሚቀያየሩት ሁሉ ደግሞ ሁለተኛዋ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይ ኢ ናት።»

ክው አልኩ። ይህን ማንም አላስተማራትም። ሁለተኛዋ ምልክት ከነዚህ አራቱ አንዷ ከሆነች አድራሻው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፤ ስልኩ ራሱ የፈጠረው ነው። አንድሮይድ ከ10 ጀምሮ፣ አይፎን ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ባለቤቱን ማንም እንዳይከታተለው ብለው ለየዋይፋዩ ስም የተለየ ማክ ያወጣሉ። ሆቴሉ ደግሞ ሦስት የዋይፋይ ስም አለው፤ አድራሻ የሚቀዱት ከአንድ ገንዳ ነው።

ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ገባኝ። እንግዳው በሦስት ስም ሦስት ክፍል ይዟል። ከአንዱ ሲወጣ ቁልፉን አይመልስም። እኛም 3 ቀን ሙሉ ክፍሉን ለሌላ አናከራይም።»

«ልክ ነሽ እህቴ» አልኳት። ይህን ነገር ለስንት ጀማሪ ቴክኒሻን አስረድቻለሁ። እንደሷ አጥርቶ የነገረኝ የለም።

ሦስቱን ስም አንድ አደረግኩ። ሊዙን ወደ 2 ሰዓት አወረድኩ። ኔትወርኩን ወደ /22 አሰፋሁት፤ 1,022 አድራሻ ማለት ነው። የማክ ምዝገባውን አጥፍቼ ከክፍል ቁልፍ ጋር በሚሰጥ የቫውቸር ኮድ ተካሁት። ማክ አድራሻ ዋይፋዩ ፓስዎርድ ቢኖረውም በአየር ላይ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። የፈለገ ሰው ቀድቶ ይገባበታል። ልጅቷ ያን ሁሉ ቀን የጻፈችው ደብተር የካፌውን ሰው አላስቆመም፤ የሆቴሉን የራሱን እንግዳ ግን በር ላይ አስቀርቷል።

ማምሻውን ሁሉም ገባ። ሪፖርቴ ላይ መንስኤውን ያገኘችው እሷ መሆኗን ጻፍኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ለሆቴሉ ባለቤት ሲያስረዱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ፍጥነቱን ስላስጨመርን ተስተካክሏል» አሉ። ልጅቷ ጠረጴዛዋ ጋ ሆና ትሰማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

ውሌ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።