የሂል አጋዘን

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ አንድ አጋዘን ላይ አፍጥጬ ነው የማመሸው። የሳለው ካርል ፍሬድሪክ ሂል የሚባል ስዊድናዊ ነው። የአጋዘኑ ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ሌላ ያበቅላል፣ ማብቂያ የለውም። በእርሳስ ልገለብጠው ሞከርኩ። እግሮቹን እንደምንም ተወጣኋቸው። ቀንዱ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተሳሰረ። እኔ እያንዳንዱን መስመር ሁለቴ አስቤ፣ አንዴ በላጲስ አጥፍቼ ነው የማሰምረው።

ሂል በ1849 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ሉንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሂሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የልጃቸው ሰዓሊ መሆን አልተዋጠላቸውም። እሱ ግን ስቶክሆልም አካዳሚ ገባ፣ በ1873 ደግሞ ፓሪስ ወረደ። እዚያ ኮሮ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ ማረከው። ከዚያ በኋላ ያበቡ ዛፎች፣ የወንዝ ዳር፣ የባሕር ዳርቻ ሆነ ሥራው ሁሉ። ትልቁ የፓሪስ ዓውደ ርዕይ፣ ሳሎን፣ በ1875 አንድ ሥዕል ተቀበለው። በኋላ ያስገባውን ግን መለሰበት።

ጥር 1878 አእምሮው ታወከ። ገና 28 ዓመቱ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ፓሲ የሚባል ሰፈር ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ቤት አስገቡት፤ ከዚያ ዴንማርክ ሮስኪልደ፣ ከዚያ ሉንድ ሆስፒታል። በ1883 ቤተሰቡ ወደ ቤት መለሰው፤ እናቱና እህቱ ሄዳ ያስታምሙት ጀመር። በ1911 እስኪሞት እዚያው ኖረ። ይኸውላችሁ፣ ሌላ 28 ዓመት።

ያን ሁሉ ዓመት ሲስል ነው የኖረው። ሸራና የዘይት ቀለም ቀረ፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ቀለም፣ ጠመኔ፣ ባለቀለም እርሳስ ሆነ። አንበሳ፣ ዝሆን፣ አዞ፣ ፏፏቴ፣ ቤተ መቅደስ፣ ራቁታቸውን የቆሙ ሰዎች። በሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች ተርፈዋል፤ አብዛኞቹ ማልሞ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ናቸው። አንዱ «የመጨረሻዎቹ ሰዎች» ይባላል። እሱን በሌሊት አትዩት ብዬ እመክራለሁ፣ እኔ ምክሬን ባልሰማም።

ብዙ ጊዜ ስለ ሂል ሲወራ ሕይወቱን ለሁለት ይቆርጡታል፤ ጤነኛው ሰዓሊና በሽተኛው። አንዳንዱ ደግሞ በሽታው ነው ጥበበኛ ያደረገው ይላል። ይሄ ያናድደኛል። በሽታ መስመር አያሰምርም። ያ እጅ ፈረንሳይ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ዛፍ ሲያይ የኖረ እጅ ነው፤ የአጋዘኑን ቀንድ ደህና አድርጋችሁ ካያችሁት እኮ ዛፍ ነው። የዘይት ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ አልክድም። ግን እነሱን ሳይ ኮሮ ትዝ ይለኛል። ወረቀቶቹን ሳይ ማንም ትዝ አይለኝም።

ደግሞ ሄዳን አስባታለሁ። ታላቅ የሚባል ሰው አይደለም ያስታመመችው፤ የታመመ ወንድሟን ነው። በየቀኑ የሚቆለለውን ወረቀት ቤተሰቡ ምድጃ ውስጥ ቢከተው ማን ይጠይቀው ነበር?

ትናንት ማታ ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ በእስክሪብቶ ጀመርኩት። የግራው ቀንድ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛውን አበላሽቷል።