ካፊያው የጠፋበት ሰንጠረዥ

የጎንደር ክረምት ካፊያም ዶፍም አለው፤ በከተማዋ አንድ የስሌት ቡድን ያወጣው ሰንጠረዥ ግን የሚያውቀው ዶፉን ብቻ ነበር። 3.21 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የራዲዮ ሞገድ በቀላል ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ ምንም አይዳከምም ይላል። ዝናቡ ሲጠነክር ደግሞ መስመሩ በድንገት ሽቅብ ይወጣል።

«ካፊያ ጭራሽ አይነካውም ነው የምትለኝ?» አሉ የቡድኑ ኃላፊ።

«ፕሮግራሙ ያወጣው እንዲያ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ ጥሬውን ፋይል አምጣው።»

ጥሬው ፋይል ሲከፈት፣ ዲያሜትራቸው ከ0.1 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ እስከሚል ድረስ ባሉት ጠብታዎች ረድፍ ሁሉ «ናን» ተጽፏል፤ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ፋይሉ ወደ ኤክሴል ሲዛወር ናኑ ሁሉ በዜሮ ተተካ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በየመጠኑ ስንት ጠብታ እንዳለ በሚገልጸው በማርሻልና ፓልመር ስርጭት ቢሰላ፣ በሰዓት 5 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዝናብ ከውሃው ከአራት ሦስት እጁ በላይ ያለው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች በሆኑ ጠብታዎች ውስጥ ነው።

ስሌቱ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታፍ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ነው፤ ሉል የሚበትነው ሞገድ በማያልቅ ተከታታይ ድምር ይጻፋል። ስንት ተርም (የድምሩ አባል) እንደሚበቃ የሚወስነው የጠብታው ዙሪያ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው የመጠን ቁጥር ነው። ለ1 ሚሊ ሜትር ጠብታ ይህ ቁጥር 0.098 ነው። በተለመደው ደንብ ቁጥሩን ራሱን፣ የኩብ ሥሩን 4 እጥፍና 2ን እንደምራለን፤ ለ1 ሚሊ ሜትር 4 ተርም፣ ለ6 ሚሊ ሜትር 6 ተርም ይወጣል።

ፕሮግራሙ ግን ለሁሉም 21 ይደምር ነበር። 21 ከየት መጣ? በጠብታው ውስጥ ያለውን ሞገድ የሚገልጸው፣ ሎጋሪዝሚክ ዴሪቬቲቭ የሚባለው ፈንክሽን ከላይኛው ተርም ወደ ታችኛው ነው የሚሰላው፤ ከታች ወደ ላይ ከተኬደ ስህተቱ በየእርምጃው ይባዛል። ስለዚህ ከሚፈለገው ተርም 15 ያህል ከፍ ብሎ ከዜሮ ይጀመራል፤ 6 ሲደመር 15 ያው 21 ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ይህንኑ ቁጥር ለድምሩም ተጠቀመበት። «ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ምክንያቱም ከጠብታው ውጭ ያለውን ሞገድ የሚገልጸው ፈንክሽን ለትናንሽ ጠብታዎች በፍጥነት ያብጣል። ለ1 ሚሊ ሜትሩ በመጀመሪያው እርምጃ በ31፣ ቀጥሎ በ51፣ ከዚያ በ71 ገደማ እየተባዛ ይሄዳል። ፕሮግራሙ በተጻፈበት በፎርትራን ቋንቋ «ሪል» የሚባለው ተራው የቁጥር ዓይነት 32 ቢት ስለሆነ ከ3.4 × 10³⁸ በላይ አይዝም፤ ፈንክሽኑ ደግሞ 20ኛው ተርም ሳይደርስ ይህን ወሰን ያልፋል። ከዚያ ወሰን አልባ ከወሰን አልባ ሲቀነስ ናን ይሆናል፤ አንድ ናን ደግሞ ድምሩን በሙሉ ይበላዋል።

ማስተካከያው ሁለት ነው፦ የተርሙን ብዛት ለየጠብታው በደንቡ ማስላት፣ ቁጥሮቹንም 64 ቢት ማድረግ። ሁለተኛው ለብቻው ናኑን ቢያጠፋም ያንኑ አጉል ልማድ ይሸፍናል፤ ነገ አንዱ 200 ተርም ሲያስገባ ችግሩ ይመለሳል።

ለማረጋገጫ ከሞገዱ በጣም ላነሱ ጠብታዎች የሚያገለግል የሬይሊ ቀላል ቀመር አለ፣ ግን የት እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በዚህ ሞገድ፣ የውሃ የስብረት ቁጥር 8.14 ሲሆን፣ መምጠጡን የሚገልጸው ምናባዊ ክፍሉ 2.00 ነው። ለ0.1 ሚሊ ሜትር ጠብታ ሁለቱ ስሌቶች ከ1 በመቶ ባነሰ ልዩነት መግጠም አለባቸው። በ1 ሚሊ ሜትር ግን ሚ የሚሰጠው መዳከም ከሬይሊው ከግማሽ በላይ ይበልጣል፤ ጠብታው ከሞገዱ አንጻር ትንሽ ቢሆንም ውሃ ውስጥ ሞገዱ ራሱ ያጥራል። እዚያ አለመግጠሙን አይቶ ፕሮግራሙን «ያረመ» ሰው ደህናውን ያበላሻል።

የምናባዊ ክፍሉ ምልክትም ይታይ። አንዳንድ ሰንጠረዦች በመቀነስ ያትሙታል፤ ቀመሩ ደግሞ በመደመር ከሆነ፣ የሚበተነው ከጠቅላላው መዳከም በልጦ ይወጣል፣ ጠብታው ኃይል እያመነጨ ነው እንደማለት። ምንም ለማይመጥ ሉል፣ የስብረት ቁጥሩ 1.55፣ የመጠን ቁጥሩ 5.213 ሲሆን፣ ጠቅላላ መዳከሙም መበተኑም እኩል 3.105 መሆን አለባቸው።

አሁን ፕሮግራሙ ናን ሲያገኝ የረድፉን ቁጥር ጽፎ ይቆማል፤ ኤክሴል ድረስ የሚሄድ ባዶ የለም።