ተከታታይ ሰርኪዩትን በሜትር እየለካሁ የተረዳሁበት መንገድ

ስለ ተከታታይ ሰርኪዩት፣ ማለትም ክፍሎቹ በአንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ ስለተያያዙበት የኤሌክትሪክ መንገድ፣ የሚነገሩት ሦስት ሕጎች አጫጭር ናቸው። ከረንቱ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ፍሰቱ) በሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ ቮልቴጁ (ፍሰቱን የሚገፋው) ይከፋፈላል፤ ሬዚስታንሶቹ (ሬዚስተሮቹ ፍሰቱን የሚገቱበት መጠን) ይደመራሉ። በቃል ለመያዝ አይከብዱም። እኔን እረፍት የነሳኝ የመጀመሪያው ነበር። ከረንት ሦስት ሬዚስተሮችን አቋርጦ ሲወጣ እንዴት ምንም ሳይቀንስ ይቀራል? ሬዚስተሩ እኮ ይሞቃል፤ የሞቀውም ከባትሪው ኃይል ወስዶ ነው። ታዲያ የተወሰደው ምንድን ነው? ቀመሩን ደጋግሜ ባነብም መልስ ስላላገኘሁበት መለካት ጀመርኩ።

ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ብሬድቦርድ (ክፍሎች ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ዲጂታል መልቲሜትር እና የ100፣ የ220 እና የ330 ኦም ሬዚስተሮች በቂ ናቸው። ሬዚስተሮቹን ጫፍ ለጫፍ ካያያዝኩ በኋላ ባትሪውን ከማገናኘቴ በፊት ስሌቱን ሠራሁ። ድምሩ 650 ኦም ነው። ጌኦርግ ሲሞን ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት ከረንት ቮልቴጁ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 9 ለ650 ሲካፈል 13.8 ሚሊአምፒር ገደማ ይሆናል። አስቀድሞ ማስላትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሚጠብቀውን ቁጥር የማያውቅ ሰው ሜትሩ ያሳየውን ሁሉ ተቀብሎ ያልፋል።

ከረንት የሚለካው መስመሩን ከፍቶ ሜትሩን በመካከል በማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ ሜትሩ ራሱ የመንገዱ አካል ይሆናል። (ከረንት እንዲለካ የተዘጋጀን ሜትር በቀጥታ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ማሳረፍ ፊውዙን ሊያቃጥል ይችላል።) ከመጀመሪያው ሬዚስተር በፊት፣ በሬዚስተሮቹ መካከል፣ ከዚያም ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለሰው ሽቦ ላይ ለካሁ። ንባቡ በሁሉም ቦታ ያው ነበር።

ኃይሉ የት እንደሚሄድ የነገረኝ ቮልቴጁ ነው። በስሌት በ100 ኦሙ ላይ 1.38፣ በ220ው ላይ 3.05፣ በ330ው ላይ 4.57 ቮልት ይውላል። ሲደመር 9 ነው። የሜትሩ ንባብ ከእነዚህ ትንሽ ፈቀቅ ቢል አያስገርምም፤ ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር ከተጻፈበት ዋጋ እስከ 5 በመቶ ሊለይ ይችላል፣ ባትሪውም ልክ 9 ቮልት ላይሆን ይችላል። ሦስቱ ንባቦች ተደምረው በዚያው ሰዓት ከባትሪው ጫፎች ከሚነበበው ጋር መግጠማቸው ግን አይቀርም። ጉስታቭ ኪርሆፍ በ1845 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው። ቮልት ማለት በአንድ ኩሎምብ ቻርጅ አንድ ጁል መሆኑን ሳስታውስ ነገሩ ተፈታልኝ። እያንዳንዱ ኩሎምብ ከባትሪው 9 ጁል ይዞ ይነሳል፤ በየሬዚስተሩ እያካፈለ ሄዶ ሲመለስ ባዶውን ነው። የቻርጁ መጠን አልቀነሰም፤ የቀነሰው የያዘው ኃይል ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ቀጥሎ የሞከርኩት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን 330 ኦም አውጥቼ በ1000 ኦም ተካሁት። ጠቅላላው 1320 ኦም፣ ከረንቱ 6.8 ሚሊአምፒር ሆነ። ምንም ያልነካሁት የመጀመሪያው ሬዚስተር ቮልቴጅ ደግሞ ከ1.38 ወደ 0.68 ወረደ። ከረንት ከባትሪው ተነስቶ ተራ በተራ ከሬዚስተሮቹ ጋር እየተገናኘ የሚወስን መንገደኛ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው ሰርኪዩቱ በሙሉ ነው። ቦታ ማቀያየርም ለውጥ አያመጣም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ የኤልኢዲ (ከረንት ሲያልፍበት የሚበራ ትንሽ መብራት) መከላከያ ሬዚስተር በፖዘቲቩ ወይስ በኔጋቲቩ በኩል ይሁን የሚለው ጥያቄ አያስጨንቀኝም። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፣ የቀረው 7 ቮልት በ470 ኦም ላይ ይውላል፣ 15 ሚሊአምፒር ያህል ያልፋል፤ በየትኛውም በኩል ቢሆን ያው ነው።

የአንዱን ሬዚስተር እግር ብትነቅሉት ከረንቱ በሁሉም ቦታ ዜሮ ይሆናል። በደህናዎቹ ሬዚስተሮች ላይ ሜትሩ ዜሮ ቮልት ሲያነብ፣ በተቋረጠው ክፍተት ግራና ቀኝ ግን የባትሪው ሙሉ ቮልቴጅ ይገኛል። ብልሽት ስፈልግ ከማንኛውም ዘዴ ይልቅ የምተማመነው በዚህ ነው። ልምምዱ በባትሪ ብቻ ይሁን፤ በግድግዳ ሶኬት ኃይል ላይ ያንኑ ክፍተት መንካት ሕይወት ያጠፋል።

ስሌቱና ሜትሩ የማይስማሙበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱንም መሞከር ይገባል። ሁለት ባለ 1 ሜጋኦም ሬዚስተሮችን አያይዛችሁ ብትለኩ በእያንዳንዳቸው ላይ 4.5 ቮልት ትጠብቃላችሁ። የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋኦም የሆነ ሜትር ግን 4.3 ያህል ብቻ ያነባል፤ የሁለቱ ድምርም 8.6 ገደማ ነው። ሜትሩ ከሚለካው ሬዚስተር ጎን ሲገናኝ ለከረንቱ ሁለተኛ መንገድ ስለሚከፍት 1 ሜጋኦሙን ወደ 0.91 ያወርደዋል። በ100 እና በ220 ኦም ላይ ይህ ተጽዕኖ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሬዚስተሮቹ ትልልቅ ሲሆኑና ድምሩ ሲጎድል ግን ባትሪውን ከመለወጣችሁ በፊት የሜትራችሁን የውስጥ ሬዚስታንስ ከመመሪያው ላይ ፈልጋችሁ ስሌቱ ውስጥ አስገቡት።