የንጆሮ ሣር

ሰሞኑን ስለ ንጆሮ ሣር ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ንጆሮ ኬንያ ውስጥ፣ ከናኩሩ ከተማ ወደ ምዕራብ ከፍ ሲሉ የሚገኝ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዝናብ አይነፍገውም፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው፣ ሣሩም ለምለም ነው። እንግሊዛዊው ሎርድ ዴላሜር በ1897 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ፣ በግመል በረሃውን አቋርጦ ወደ ኬንያ ደጋ ሲወጣ ልቡ የቀረው በእንዲህ ያለው ሣር ላይ ነበር። ተመልሶ መጣና በ1903 መጨረሻ ንጆሮ ላይ 100 ሺህ ኤከር፣ ማለት 40 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ ለ99 ዓመት ከቅኝ ግዛቱ መንግሥት ተከራየ። ኪራዩ በዓመት 200 ፓውንድ ነበር፤ ግዴታው ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ 5 ሺህ ፓውንድ መሬቱ ላይ ማፍሰስ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ "ኢኳተር ራንች" (የምድር ወገብ የከብት እርባታ) ብሎ ጠራው።

ከብት የሚያውቅ ሰው ለምለም ሣር ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ሣር እስካሁን ለምን ማንም አላስጋጠውም ብሎ ነው። እዚህ ላይ መልሱ ከእኛ አገር ይጀምራል። በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው ደስታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ፈጀ። አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ያ ዘመን ነው። በሽታው ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ1890ዎቹ መባቻ በከብት አርቢዎቹ በማሳዮች ምድር ነበር፣ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። ማሳዮች ከብታቸው ካለቀ በኋላ ፈንጣጣ ተከተለባቸው፣ እርስ በርስም ተዋጉ። ያ ረጅም ሣር ከብቶቹ ስለሞቱ የረዘመ ሣር ነው። ባዶ መሬት ነው ተብሎ ታየ። ነሐሴ 1904 በተፈረመ ውል ማሳዮች ከስምጥ ሸለቆው የግጦሽ መሬታቸው ተነሥተው ከፊሎቹ ላይኪፒያ ወደሚባለው ሌላ ደጋ ሄዱ። ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል የተባለው ውል 7 ዓመት ብቻ ቆየና በ1911 ከላይኪፒያም እንዲነሡ ተደረገ። በፍርድ ቤት ቢከሱም በ1913 ክሳቸው ውድቅ ሆነ። ይህን ሳላነሣ እንደ ዴላሜር ስላሉት ነጭ አቅኚዎች ጥንካሬ መጻፍ አልችልም፤ ብርታታቸው እውነት ነው፣ የቆሙበት መሬት ግን የማን እንደነበረ መታወቅ አለበት።

የዴላሜር የመጀመሪያ ሥራ በግ ነበር። የማሳይ በግ ቀይ ነው፤ ገላውን የሚሸፍነው ጠጉር እንጂ ሱፍ አይደለም፣ የሆድ ትልን ግን አብዛኛው በግ የማይችለውን ያህል ይችላል። 11 ሺህ ያህል እናት በጎችን ከእንግሊዝ ባስመጣቸው የራይላንድ ዝርያ አውራዎች አስጠቃ። እንዲህ ያለው ድቀላ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ሲሠራ ግን ዓመታት ይበላል። የመጀመሪያው ትውልድ ጠጉርና ሱፍ የተቀላቀለበት ስለሚሆን የሱፍ ገበያ አይፈልገውም። ሽያጭ የሚሆን ሱፍ ለማግኘት ሴቶቹን እያስቀሩ ሦስት አራት ትውልድ ከውጭ አውራ ጋር ማስጠቃት ይጠይቃል። ጠቦቷ ለጥቂ የምትደርሰው በዓመት ተኩል ገደማ ነው፣ እርግዝናው 5 ወር ነው፤ ስለዚህ አንድ ትውልድ 2 ዓመት ያህል ይወስዳል። በዚህ መሐል ሱፉ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ትልን የመቋቋም ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በጉ ከሳ፣ መንጋጋው ሥር ውሃ ቋጠረ ማለት ትሉ ደሙን ጨርሶታል ማለት ነው። በዚያ ዘመን የነበረው መድኃኒት በ100 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሰማያዊ ድንጋይ (የመዳብ ጨው) በጥብጦ እየለኩ በአፍ ማጠጣት ነበር። ልኩ ትንሽ ካለፈ የሚገድለው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

በ1904 ደግሞ ሜሪኖ ከሚባለው የሱፍ በግ ዝርያ 500 ንጹሕ እናት በጎች ከኒውዚላንድ በመርከብ ሞምባሳ ደርሰው፣ በባቡር ንጆሮ ወጡ። ከአምስቱ አራቱ ብዙም ሳይቆዩ አለቁ። አብዝቼ የማስበው ስለ እነዚህ በጎች ነው፤ በበሽታ ብቻ አይደለም የሞቱት፣ ሣር ውስጥ ቆመው ተርበዋል። የንጆሮና የናኩሩ እሳተ ገሞራ አፈር ኮባልት ይጎድለዋል። በ1 ኪሎ ደረቅ ሣር ውስጥ 0.1 ሚሊግራም ያህል ኮባልት ካለ ለበግ ይበቃል፤ ያቺ ቅንጣት ከጠፋች በጨጓራው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ቫይታሚን ቢ12 መሥራት ያቅታቸዋል፣ በጉም የበላውን ወደ ጉልበት መለወጥ አይችልም። ምልክቱ በየተራ ነው የሚመጣው። በጉ መጀመሪያ ሣሩን እያሸተተ ይተወዋል። ቀጥሎ ሱፉ ወዙን ያጣና በጣት ሲስቡት ይበጠሳል። ዓይኑ እያነባ ፊቱ ላይ እርጥብ መስመር ይሠራል፤ የዓይኑን ሽፋን ገለጥ ቢያደርጉት ውስጡ ነጭ ነው። ከዚያ በኋላ አጥንትና ቆዳ ይሆናል። ሰፋሪዎቹ በአካባቢው ስም ናኩሩአይቲስ ብለው ጠሩት። የዚህ ዓይነቱ ክሳት መነሻ ኮባልት መሆኑ የታወቀው በ1935 አውስትራሊያ ውስጥ ነው፤ ለሜሪኖዎቹ 30 ዓመት ዘገየ።

ዕውቀቱ ከመገኘቱ በፊት የነበረው ዋነኛ ፈውስ ከብቱን አንሥቶ ወደ ሌላ አፈር መውሰድ ነው፤ ጉዳቱ ካልከፋ በጥቂት ሳምንት ያገግማል። አርብቶ አደር ሁሉ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ማሳዮች ከብታቸውን በየወቅቱ ከሣር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ጨዋማ አፈር ይነዳሉ። እኛም ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር እናስልሳለን፤ ቦረናም ከኤል ሶድ ጉድጓድ ጥቁሩን ጨው ያወጣል። የኪራይ መሬት ግን ድንበር አለው፤ ከብቱ ድንበሩ ውስጥ ያለውን አፈር ብቻ ይበላል። ዴላሜር ዝቅ ብሎ ኤልመንቴይታ ሐይቅ አጠገብ ሶይሳምቡ የሚባለውን መሬት ይዞ የተረፉትን በጎችና ከብቶች ወደዚያ ባያወርድ ኖሮ እርባታው ዕድሜ አይኖረውም ነበር።

ከብቱስ? ሄርፎርድ የሚባለው የእንግሊዝ ዝርያ ኮርማ ከአገሬው ሻኛማ ላም ሲወልድ ጥጃው ይገዝፋል፣ የመጀመሪያው ዓመት ደስ ይላል። ከዚያ አፍተግር ይመጣል፣ የሳንባ በሽታ ይመጣል፣ ሽንትን እንደ ቡና አተላ የሚያጠቁረው ቀይ ሽንት ይመጣል። ከሁሉም የከፋው ኢስት ኮስት ፊቨር የሚባለው ነው። ይህ በሽታ እኛ አገር ስለማይታወቅ ትንሽ ላብራራው።

አስተላላፊው ቡናማው የጆሮ መዥገር ነው። የታመመች ላም አጠገቧ ለቆመችው አታስተላልፍም፤ መዥገሩ መሐል መግባት አለበት። መዥገሩ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ይበላል፣ በየጊዜውም ሌላ ከብት ላይ ይወጣል። የተፈለፈለው ጨቅላ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። ጠግቦ ይወድቅና ቅርፊቱን ቀይሮ ሰሊጥ ያክላል፤ ሁለተኛ ጠግቦ ይወድቅና ተልባ ያክላል። ሦስተኛው ሲጠግብ ሴቷ ልክ የጉሎ ፍሬ ትመስላለች። በአንዱ ዕድሜው የወሰደውን በሽታ በሚቀጥለው ዕድሜው ያስተላልፋል። ላሚቱን አስይዞ ጆሮዋን ገልበጥ አድርጎ ለሚያይ፣ ከእጥፋቱ ሥር ጠጉር በሌለበት ስስ ቆዳ ላይ ተልባ የተበተነ ይመስል ተለጥፈው ይታያሉ። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ከጆሮዋ ሥር ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ወተቷ ይደርቃል። መጨረሻ ላይ ሳንባዋ ውሃ ይሞላና አፍንጫዋ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ትሞታለች። መዥገሩ ከነከሳት ቢበዛ አንድ ወር ነው። በበሽታው አገር የተወለደ የአገሬው ጥጃ በልጅነቱ ይታመማል፣ ብዙው ግን ይድናል፣ ከዳነም በኋላ አይነካውም። ከባሕር ማዶ የመጣው ወይም ደሙ የተቀላቀለው ከብት ግን ከአሥር ዘጠኝ ሊያልቅ ይችላል።

በሽታው በ1901 አካባቢ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በተጫኑ ከብቶች ወደ ደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ገባ፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። መላው የተገኘውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው። ናታል ውስጥ የሚሠራው የከብት ሐኪም ዋትኪንስ ፒችፎርድ በየ3 ቀኑ በአርሴኒክ ውሃ መንከርን አስለመደ። በየ3 ቀኑ መሆኑ ለምን እንደሠራ ቆይቶ ነው የተረዱት። በመዥገሩ ምራቅ ውስጥ ያለው ተውሳክ ለማስተላለፍ የሚበስለው መዥገሩ ተለጥፎ መምጠጥ ከጀመረ ከ3 ቀን ገደማ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሞተ በሽታው ምራቁ ውስጥ ሳይበስል አብሮት ይሞታል። ሁለት ቀን ማዘግየት የቀረውን ድካም ሁሉ ያጠፋዋል።

የዚያ ዘመን መንከሪያ ከስሚንቶ የተሠራ፣ 2 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ 15 ሺህ ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠባብ ቦይ ነበር። መግቢያው ቁልቁል ስለሆነ ከብቱ ዘሎ ራሱን ጭምር ይሰጥማል፤ መውጫው ደረጃ አለው። ከመውጫው ቀጥሎ ወለሉ ወደ ቦዩ ያዘመመ የማንጠፍጠፊያ ግቢ ይሠራል፣ ከገላው የሚወርደው መርዝ ተመልሶ እንዲገባ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ከብት ይገድላል። ከመንከሩ በፊት ከብቱ ውሃ ጠጥቶ መርካት አለበት፤ የጠማው ከብት ሲዋኝ መርዙን ይጠጣል። ከሩቅ የተነዳና ያላበው አድሮ ነው የሚነከረው። ሲንጠፈጠፍ ሳይቆይ ግጦሽ ላይ ከተለቀቀ የተንጠባጠበበትን ሣር የሚበላው ይመረዛል። ገንዳው ጣራ ከሌለው ዝናብ ያቀጥነዋል፣ መዥገሩም አይሞትም፤ ፀሐይ ስታተነው ደግሞ ይወፍርና የከብቱን ብልትና ብብት ይልጠዋል። ስለዚህ ምልክት በተቀረጸበት ዘንግ ከፍታውን እየለኩ ውሃና መርዝ መጨመር የየዕለት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሃው ጆሮ ውስጥና ጭራ ሥር በደንብ አይደርስም። የጆሮውን እጥፋትና የጭራውን ሥር እረኛው በየአንዳንዱ ከብት በእጁ መቀባት አለበት።

ይህን የሚያደርገው እጅ የማን እንደሆነ በራንቾቹ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ አይነገርም። ዴላሜር ራሱ በማሳይ እረኞች ላይ ተማምኖ ነው የኖረው፤ እርባታው ከእነሱ ዓይን ውጭ አንድ ቀን አይውልም ነበር። የእረኞቹ ቀለብ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ዱቄት ነበር፣ ለአንድ ሰው በቀን 2 ፓውንድ፣ ከ1 ኪሎ ትንሽ ያነሰ። በ1918 በወጣው ሕግ ሰፋሪው መሬት ላይ ከብቱን ይዞ የሚኖር አፍሪካዊ በዓመት 180 ቀን ለባለመሬቱ መሥራት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወንዱ ሁሉ የጣት አሻራውና የሥራ ታሪኩ ያለበትን ኪፓንዴ የሚባል መታወቂያ በቆርቆሮ መያዣ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል ተገደደ። መታወቂያ አንገቱ ላይ የታሰረበት ሰው የሌላውን ሰው ላም ጆሮ እየገለበጠ መዥገር ሲለቅም መሣል ልቤን ያሳዝነዋል።

ብዙ ራንቾች በመጨረሻ ያረፉት በቦረና ከብት ላይ ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ ከቦረና ምድር የተነሣው ይህ ዝርያ በነጋዴ እጅ ወደ ላይኪፒያ ወረደ። ቦረና ላይ ይህ ከብት በበጋ ውሃ የሚያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው፣ እሱም ሰዎች ተደራርበው እየዘፈኑ ቱላ ከሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ቀድተው ሲያወጡለት። ሩቅ ይሄዳል፣ ሣሩ ሲያንስ ሥጋው ቶሎ አይወርድም፣ ላሟ ጥጃዋን አትጥልም። ኢስት ኮስት ፊቨርን ግን በተወለደበት አገር አላየውምና ከመንከሪያው ነፃ አልወጣም። የኬንያ አርቢዎች ዘሩን እየመረጡ አገዘፉት፣ በ1951 ማኅበር አቋቋሙለት። ስሙ ግን ቦረና እንደሆነ ቀረ፤ ይህ ያስደስተኛል።

ከብቱ ሌሊት የሚያድረው ቦማ በሚባል የእሾህ በረት ውስጥ ነው። ግራሩ ተቆርጦ ጉቶው ወደ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ይደረጋል፤ አንበሳ ወይም ጅብ ቅርንጫፉን ይዞ ቢጎትት እሾሁ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ይጠብቃል፤ እረኛው ደግሞ ጉቶውን ከውስጥ ይዞ መዝጊያውን መሳብ ይችላል። አጥሩ ዝቅ ካለ ነብር ይዘለዋል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ እበቱ ቁርጭምጭሚት ድረስ ስለሚደርስ፣ ጥጃ ሸኮናው ስለሚበሰብስ ቦማው ይለወጣል፣ እንጨቱም ይተዋል። ምስጥ እንጨቱን ይበላዋል። በቦታው ግን ፍጉ አፈሩን ስለሚያወፍረው በአሥር ዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ሣሩ አጭርና ጣፋጭ የሆነ ክብ ሜዳ ይቀራል። ላይኪፒያ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ሲያዩት በግራሩ መሐል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነው። አንዳንዱ የራንች በረት ነበር፣ አንዳንዱ ከዚያ በፊት የማሳይ። ድኩላዎች ማታ ማታ ወጥተው ሜዳው መሐል ይቆማሉ።